የስኳር ፓን በምን ይጠበቅ? የመለኪያዎችና የአሠራሮች ንጽጽር

ለፓን ቤት፣ ማለትም የስኳር ሲረፕ በቫኩም ፈልቶ ፍሬ (ክሪስታል) ለሚያወጣበት ክፍል፣ መለኪያ መግዛት ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው "የቱ ይሻላል?" ብሎ ነው። ለኤ ፓን (ንጹሑ ሲረፕ ለሚፈላበት የመጀመሪያው ደረጃ) የሚሻለው ግን ለሲ ፓን (ለመጨረሻው ደረጃ፤ ቢ መሀል ነው) ላይሻል ይችላል። ፍሬ ሲያዝ (ሲረፑ ውስጥ መጀመሪያ ሲፈጠር) በደንብ የሚያይ መሣሪያ ማስኪቱ (የፍሬና የሲረፕ ድብልቁ) ሲጠነክር ምንም አያይም። ስለዚህ ጥያቄውን "የትኛው ለየትኛው ፓን?" ብለን እንያዘው። የራሴንም ምርጫ እናገራለሁ።

የማወራው ስለ ሸንኮራ አገዳ ስኳር ነው። መድኃኒቱም፣ ጨውም፣ ማዳበሪያውም በክሪስታል መልክ ይመረታል። እኛ አገር ግን ብዙ ሰው በእጁ የሚያውቀው የስኳሩን ነው። ወንጂ በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ተተክሎ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። በኋላ መተሐራና ፊንጫ መጡ። በእነዚህ ፋብሪካዎች ፓን ቤት ዕድሜያቸውን የፈጁ ባለሙያዎች አሉ። የሚያውቁት ነገር በማንኛውም ካታሎግ ላይ የለም።

ፓኑ የሚመራበት ቁጥር

በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1 ኪሎ ውኃ 2 ኪሎ ገደማ ስኳር ያሟሟል። በ70 ዲግሪ 3.2 ኪሎ ገደማ ያሟሟል። ያ ውኃ በዚያው ሙቀት 3.6 ኪሎ ከተሸከመ ከአቅሙ በላይ ይዟል ማለት ነው። 3.6ን ለ3.2 ስናካፍል 1.125 ይመጣል። ይህ ቁጥር ሱፐርሳቹሬሽን ይባላል።

ቁጥሩ ከ1 በታች ሲወርድ ፍሬው ይሟሟል። ከ1 እስከ 1.2 ገደማ ያለው ፍሬ ያድጋል፣ አዲስ ፍሬ አይፈጠርም። ከዚያ ሲያልፍ በነባሩ ፍሬ መሀል አዲስ ደቃቅ ፍሬ ይወለዳል። 1.3 አካባቢና ከዚያ በላይ ደግሞ ምንም ፍሬ ባይኖርም ሲረፑ ራሱ ፍሬ ያወጣል። ሳንፈልገው የተወለደውን ደቃቅ ፎልስ ግሬይን እንለዋለን። ጣጣው ሴንትሪፉጋል (እያሽከረከረ ፍሬውን ከፈሳሹ ከሞላሰስ የሚለየው ማሽን) ላይ ይታያል። ወንፊቱን ይደፍናል፣ ሞላሰሱ አልወጣ ይላል፣ ኦፕሬተሩ የማጠቢያ ውኃ ይጨምራል። ውኃው ደግሞ የተለፋበትን ስኳር መልሶ ያሟሟል።

አሁን ይህን ክልል በብሪክስ (በፈሳሹ ክብደት ውስጥ የሟሟው ነገር መቶኛ) እንየው። በ70 ዲግሪ፣ ንጹሕ ስኳር ከሆነ፣ ከ1 እስከ 1.2 ያለው ክልል ከ76.2 እስከ 79.3 ብሪክስ ማለት ነው። ሦስት ነጥብ ብቻ! መለኪያው 1 ብሪክስ ከዋሸ የክልሉን አንድ ሦስተኛ በላው ማለት ነው። ሙቀቱም እንደዚሁ ነው። በዚህ አካባቢ 4 ዲግሪ ሲወርድ ሱፐርሳቹሬሽን ወደ 5 በመቶ ይጨምራል። መሣሪያ ስታወዳድሩ ይህን ስሌት አትርሱ።

መጀመሪያ ቫኩሙ

ወደ ብሪክስ መለኪያዎች ሳንገባ አንድ ነገር ላስቀድም። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ለፓኑ ፍጹም ግፊት (ከውጭው አየር ጋር ሳይነጻጸር ከዜሮ የሚቆጠር ግፊት) መለኪያና መቆጣጠሪያ አውሉት።

ምክንያቱ ከፍታችን ነው። ብዙዎቹ የስኳር መጻሕፍት የተጻፉት ለባሕር ወለል ነው። "ፓኑን በ63.5 ሳንቲ ሜትር ሜርኩሪ ቫኩም አፍሉ" ሲሉ 76 ሳንቲ ሜትር የአየር ግፊት ይዘው ነው። ስለዚህ ፓኑ ውስጥ የሚቀረው ግፊት 12.5 ነው። ወንጂ ግን ወደ 1,540 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ራሱ 63 ገደማ ነው። እዚያ 63.5 ቫኩም ማምጣት የሚችል ፓምፕ የለም። መጽሐፉ የፈለገውን 12.5 ለማግኘት የወንጂ ጌጅ (የቫኩም ማሳያ) 50 ወይም 51 አካባቢ ሊያሳይ ይገባዋል። ወደ 950 ሜትር ላይ ባለችው መተሐራ ደግሞ ለዚያው ግፊት ጌጁ 55 አካባቢ ያሳያል። ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው የተዛወረ ባለሙያ የለመደውን ቁጥር ይዞ ከሄደ ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ይስትበታል። ፍጹም ግፊት የሚለካ መሣሪያ ይህን ጣጣ ያጠፋዋል።

ሁለተኛው ምክንያት መዋዠቁ ነው። ግፊቱ በ12.5 ሳንቲ ሜትር ውኃ በ56 ዲግሪ ይፈላል። በ15 ሲሆን በ60 ዲግሪ ነው። ማስኪት ስኳር ስለተሸከመና ጥልቀት ስላለው ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ ልዩነቱ ግን ያው 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጎረቤት ፓን ሲከፈት፣ የኮንደንሰሩ ውኃ ሲያንስ፣ እንፋሎት ሲወርድ ቫኩሙ ይንቀጠቀጣል። ግፊቱ በድንገት ከወረደ ማስኪቱ ይቀዘቅዛል፣ ፎልስ ግሬይን ይወለዳል። ከጨመረ ፍሬው ይሟሟል። ቫኩሙ እየዋዠቀ ውድ መለኪያ ብትተክሉ ጥፋቱን በጥሩ ግራፍ ታዩታላችሁ እንጂ አታስቀሩትም።

በእጅና በዓይን

ቫኩም ፓንን እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቻርልስ ሃዋርድ በ1813 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። ከዚያ ጀምሮ የፓን ኦፕሬተር ዋና መሣሪያ ፕሩፍ ስቲክ ነው። ቫኩሙን ሳይሰብር ናሙና ያወጣል፣ መስታወት ላይ ይዘረጋል፣ በብርሃን ያየዋል። ሲረፑን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሀል ስቦ በክሩ ርዝመት መወፈሩን ይገምታል።

ይህን ዘዴ ኋላ ቀር ብሎ የሚጥል ሰው አልወድም። እስካሁን ካሉት መሣሪያዎች አብዛኞቹ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣሉ። ጥሩ ኦፕሬተር ግን በአንድ እይታ የፍሬውን መጠን፣ እኩልነቱን፣ ተጣብቆ መብቀሉን፣ የደቃቅ መኖርን ያያል። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ደቃቁ በዓይን የሚታየው ከተወለደ በኋላ ነው። ያኔ ማድረግ የሚቻለው በውኃ ማሟሟት ብቻ ነው፤ እሱም እንፋሎትና ጊዜ ያስከፍላል። ሁለተኛ፣ ዕውቀቱ ከሰውየው ጋር ጡረታ ይወጣል። የሌሊቱ ሽፍትና የቀኑ ሽፍት ስኳር የሚለያየውም በዚህ ነው።

ርካሽ ማሻሻያ አለ። ፓኑ አጠገብ አንድ ማይክሮስኮፕ ከመለኪያ መስታወቱ ጋር አስቀምጡ። ስልካችሁን የማይክሮስኮፑ መመልከቻ ላይ ደግፋችሁ በየስትራይኩ (ፓኑ ሞልቶ አብስሎ በሚያወርድበት በእያንዳንዱ ዙር) ፎቶ አንሱ። ሰዓቱን፣ ሙቀቱንና ግፊቱን ጻፉበት። ከአንድ የምርት ወቅት በኋላ የሚኖራችሁ አልበም ለአዲስ ኦፕሬተር ምርጥ ማስተማሪያ ነው።

ኮንዳክቲቪቲ ወይስ አር.ኤፍ?

የአገዳ ሲረፕ ውስጥ ጨዋማ ማዕድን አለ፤ እኛ አመድ የምንለው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ሲረፑ ሲወፍር አዮኖቹ መንቀሳቀስ ይከብዳቸዋል፤ ንባቡ ይወርዳል። ኮንዳክቲቪቲ መለኪያ የሚሠራው በዚህ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ የፋብሪካው የኢንስትሩመንት ክፍል ራሱ ይጠግነዋል። የውጭ ምንዛሪ ለመለዋወጫ መጠበቅ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለሲ ፓን ጥሩ ነው፤ አመዱ ብዙ ስለሆነ ምልክቱ ጠንካራ ነው። ለቢም ይሄዳል። ለኤ ይደክማል። ንጽሕናው (ከሟሟው ነገር ስኳር የሆነው መቶኛ) ከፍ ባለ ሪፋይነሪ ሲረፕ ላይ ደግሞ የሚይዘው ነገር ስለሌለ አይረባም። ሌላው ችግሩ ከማሳው ይመጣል። የአገዳው ዝርያ፣ አፈሩ፣ ወቅቱ ሲለወጥ አመዱ ይለወጣል። ባለፈው ወር ትክክል የነበረው ሴት ፖይንት (መሣሪያው እንዲጠብቅ የተሰጠው ቁጥር) ዛሬ ልክ አይሆንም። ስለዚህ ከላቦራቶሪው ጋር በየጊዜው እያነጻጸሩ ማስተካከል ግድ ነው። ኤሌክትሮዱ ላይ የሚጋገረውን ቅርፊትም ማጽዳት አለ።

አር.ኤፍ. (በሬዲዮ ሞገድ የሚለካው መሣሪያ) በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ይሠራል። ማስተላለፍን ብቻ ሳይሆን የውኃውን ዳይኤሌክትሪክ ባሕርይም ስለሚያይ ንጽሕናው ከፍ ባለ ፓን ላይም ምልክት ይሰጣል። ቅርፊትም እንደ ኮንዳክቲቪቲው አያደናግረውም። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሲበላሽም በቀላሉ አይጠገንም። ሦስቱንም ደረጃ በአንድ ዓይነት መሣሪያ መሸፈን የሚፈልግ ፋብሪካ ከኮንዳክቲቪቲ ይልቅ ይህን ቢያይ ይሻለዋል።

ማይክሮዌቭ ወይስ ሪፍራክቶሜትር?

ብዙ ክርክር ያለው እዚህ ነው። ሁለቱ አንድ ነገር የሚለኩ ስለሚመስል ነው ክርክሩ። የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው።

ማይክሮዌቭ ማዕበሉን በማስኪቱ ውስጥ ያሳልፋል፤ ውኃው ምን ያህል እንዳዘገየውና እንዳዳከመው ያያል። የሚነግራችሁ አጠቃላዩን ውኃ ነው፤ ፍሬውና ፈሳሹ ተደምረው። ከሲረፕ ጀምሮ ማስኪቱ ጠንክሮ እስኪወርድ በአንድ መለኪያ ይከታተላል። ስትራይኩ መቼ ይብቃ ለሚለው ጥያቄ ደህና መልስ አለው። ፍሬ ከተያዘ በኋላ ግን ፈሳሹ ብቻውን የት እንዳለ ሊነግራችሁ አይችልም። የእንፋሎት አረፋም ያውከዋል።

ሪፍራክቶሜትር ተቃራኒው ነው። ብርሃን በፕሪዝም ገጽ ላይ የሚታጠፍበትን ማዕዘን ያነባል። የሚያየው ፕሪዝሙን የነካውን ፈሳሽ ብቻ ነው። ፍሬ፣ አረፋ፣ የሲረፑ ጥቁረት አይረብሹትም። ሱፐርሳቹሬሽን የሚሰላው ደግሞ ከፈሳሹ ነው። ስለዚህ "ሲድ መቼ ላስገባ?" (ሲድ ለፍሬው መነሻ የሚገባ ደቃቅ ስኳር ነው) ለሚለው ጥያቄ ከሱ የሚስተካከል የለም። የማያውቀው የፍሬውን ብዛት ነው። የፕሪዝሙ ገጽ ከተለበጠ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ ውሸት ያነብላችኋል። ስለዚህ የእንፋሎት ወይም የሙቅ ውኃ ማጠቢያ ኖዝል የሌለውን አትግዙ።

ሱፐርሳቹሬሽንን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ የለም። ይሰላል። ስሌቱ የፈሳሹን ብሪክስ፣ ሙቀቱንና ንጽሕናውን ይፈልጋል። የፊንላንዱ ኬ-ፓተንትስ፣ አሁን በቫይሳላ ሥር ያለው፣ ሲድማስተር የሚባል ይህን የሚያሰላ መሣሪያ አለው። ከሪፍራክቶሜትር ንባብ ይነሳና ሲዱንም በራሱ ማስገባት ይችላል። ጥሩ ሥራ ነው። ንጽሕናውን የምትሰጡት ግን እናንተ ናችሁ። ላቦራቶሪያችሁ የትናንቱን ንጽሕና ዛሬ ከሰዓት የሚያመጣ ከሆነ ስሌቱ የትናንቱን ፓን ነው የሚነግራችሁ። ከመሣሪያው በፊት የላቦራቶሪውን ፍጥነት አስተካክሉ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የመፍላት ሙቀት ከፍታን መለካት የቆየ ዘዴ ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ ቫኩሙ ሲዋዥቅ ይጠፋበታል። በጨረራ የሚሠራው የዴንሲቲ መለኪያ ጥሩ ንባብ አለው፤ ግን የጨረራ ፈቃድ፣ የሠለጠነ ሰውና ጥብቅ ጥበቃ ይጠይቃል። ማደባለቂያ ያለው ፓን ካላችሁ የሞተሩ አምፔር በነጻ የተገኘ መለኪያ ነው። ማስኪቱ ሲጠነክር አምፔሩ ይወጣል። ለስትራይኩ ማብቂያ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ግን ለሱ በደንብ ይሆናል።

ሲዱ፦ ሾክ ወይስ ስለሪ?

እኔ ከመለኪያ ምርጫ ይልቅ ይህ የበለጠ ለውጥ ያመጣል ባይ ነኝ።

ሾክ በሚባለው አሠራር ሲረፑ ከ1.2 በላይ ይወሰድና ጥቂት የስኳር ዱቄት ይጣልበታል። ዱቄቱ ሲረፑን ያስደነግጠዋል፤ ፍሬ በብዛት ይወለዳል። ኦፕሬተሩ "በቃ" ሲል ውኃ ወይም ሲረፕ አስገብቶ ያቆመዋል። ስንት ፍሬ እንደተወለደ ማንም አያውቅም። ዛሬና ነገ አይመሳሰሉም።

በስለሪ አሠራር ስኳሩ በአይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ሆኖ በቦል ሚል ለብዙ ሰዓት ይፈጫል፤ ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ያህል እስኪደርስ። ሲረፑ በደህናው ክልል ውስጥ እያለ ይገባል። አዲስ ፍሬ አይወለድም፤ የገባው ያድጋል። እርሾ ሊጡ ውስጥ ገብቶ ይባዛል፤ ይህ ሲድ ግን መባዛት የለበትም። ያስገባችሁት ቁጥር ነው የሚወጣው።

ስለዚህ በስሌት መሥራት ይቻላል። 10 ማይክሮን የነበረ ፍሬ 0.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ በርዝመት 60 እጥፍ፣ በክብደት 216,000 እጥፍ አድጓል። በወረቀት ላይ 1 ግራም ሲድ 216 ኪሎ ስኳር ይሆናል። በተግባር የሚሟሟና የሚጣበቅ ስላለ ከዚያ በላይ ይገባል። ቁጥሩን ግን ከስትራይክ ስትራይክ እያረማችሁ ትደርሱበታላችሁ። የፍሬው ቁጥር በስህተት እጥፍ ከሆነ ደግሞ 0.6 ይሆናል ያላችሁት ስኳር 0.48 አካባቢ ላይ ይቆማል።

ስለሪ መስፈሪያ፣ ወፍጮና አልኮል ይፈልጋል። አልኮሉ ተቀጣጣይ ነው፤ ማስቀመጫው ከእሳትና ከብየዳ ሥራ መራቅ አለበት። ይህን ሁሉ ይዤም ምርጫዬ ያለ ጥርጥር ስለሪ ነው፤ በተለይ ለሲ ማስኪት ግሬይን (መነሻ ፍሬ)። ውጤቱን በወንፊት ትንተና ፈትሹ። አማካይ መጠኑን ብቻ አትዩ። ሲ.ቪ. የሚባለውን የመበታተን መቶኛም እዩ። 30 እና ከዚያ በታች ከሆነ ሴንትሪፉጋላችሁ ይመሰክርላችኋል።

ማስኪቱ ውስጥ ገብተው ፍሬውን በቀጥታ የሚያሳዩ ካሜራዎችም አሉ። ዋጋ የሚያወጡት በዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ፍሬው ሲያዝና ገና ሲለያይ። ማስኪቱ ሲጠነክር ምስሉ ይጨናነቃል። ለአንድ ግሬይን ፓን (ፍሬ ለሚያዝበት ፓን) አንድ ካሜራ ይገባኛል፤ ለሁሉም ፓን ግን አልገዛም።

ባች ወይስ ኮንቲንዩስ?

ባች ፓን እየሞላ እያወረደ በዙር ይሠራል፤ ኮንቲንዩስ ፓን ሳያቋርጥ ይቀበላል፣ ያወርዳል። ኮንቲንዩሱ እንፋሎት በእኩል ይወስዳል፣ ዝቅ ባለ ግፊት እንፋሎትም ይሠራል። ለቦይለሩና ለቫኩሙ ትልቅ ዕረፍት ነው። ለቢና ለሲ ይስማማል። ግን ሲዱን የሚያዘጋጅለት ባች ፓን አሁንም ያስፈልገዋል። መጥፎ ሲድ ከገባበትም ጥፋቱ ለአንድ ስትራይክ ብቻ አይሆንም፤ ቀኑን ሙሉ ይዘልቃል። የሲድ አሠራሩን ያላስተካከለ ፋብሪካ ወደሱ ባይቸኩል እመክራለሁ።

ከፓን ከወረደ በኋላ

ብዙ ገንዘብ ሳይታይ የሚፈስሰው በሲ ክሪስታላይዘር (ከሲ ፓን የወረደው ማስኪት በሚቀዘቅዝበት ገንዳ) ነው። ማስኪቱ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ በፈሳሹ ውስጥ የቀረው ስኳር ፍሬው ላይ ይገባል። እዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቴርሞሜትርና ነች የሚባለው ማጣሪያ ይበቃሉ። ሲገባና ሲወጣ ፈሳሹን አጣርታችሁ ንጽሕናውን ለኩ። ልዩነቱ ክሪስታላይዘሩ መሥራቱንና አለመሥራቱን ይነግራችኋል።

ዋጋውን እናስላ። 80 ብሪክስ የሆነ ሞላሰስ ንጽሕናው ከ35 ወደ 34 ቢወርድ ከእያንዳንዱ ቶን ሞላሰስ 12 ኪሎ ገደማ ስኳር ተርፏል ማለት ነው። ፊንጫና መተሐራ ከሞላሰስ ኢታኖል ስለሚያመርቱ በሞላሰስ የሄደው ስኳር ሁሉ ከንቱ አይቀርም። ቢሆንም ስኳሩ በስኳርነቱ ቢወጣ ይሻላል።

መለኪያ የማያድነው ነገር

አገዳው ተቃጥሎ ከተቆረጠ በኋላ ማሳ ወይም ጋሪ ላይ ሲቆይ ባክቴሪያ ዴክስትራን ይሠራበታል። ዴክስትራን ማስኪቱን ያወፍረዋል፣ ፍሬውንም ወደ ርዝመቱ ይስበዋል። በማይክሮስኮፕ ስታዩት መርፌ መሳይ ነው። ይህን ካያችሁ ፓኑ ላይ አትድከሙ። አገዳው ከተቃጠለበት እስከሚፈጭበት ያለውን ሰዓት ጠይቁ። ፓን ቤቱና የመከር ክፍሉ በስልክ መነጋገር አለባቸው።

በየትኛው ቅደም ተከተል?

ጠባብ በጀት ካላችሁ፦ ፍጹም ግፊት መቆጣጠሪያ፣ ጥሩ ቴርሞሜትር፣ ማይክሮስኮፕ፣ ስለሪ። ለሲ ፓን ኮንዳክቲቪቲ ጨምሩ። ከፍ ካለ ለግሬይን ፓንና ለኤ ፓን ሪፍራክቶሜትር ግዙ። ከዚያ ወዲያ ካላችሁ ለስትራይክ ማብቂያ ማይክሮዌቭ፤ ማደባለቂያ ካለ ግን የሞተሩ አምፔር ይበቃል፣ ገንዘቡን አቆዩት። ሲድ የሚያስገባ ኮምፒውተር የመጨረሻው ነው።

ሁሉንም ፓን በአንዴ አታልብሱ። አንድ ፓን ምረጡ፤ ጎረቤቱን በነበረበት ተዉት። ሁለቱም ያንኑ ሲረፕ፣ ያንኑ ኦፕሬተር ይጠቀሙ። የስትራይክ ሰዓት፣ ሲ.ቪ.፣ የማጠቢያ ውኃ፣ የሞላሰስ ንጽሕና መዝግቡ። ሻጩንም ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት። ፕሪዝሙን ወይም ኤሌክትሮዱን ፓኑ ሳይቆም ማን፣ በምን ያጸዳዋል? መለዋወጫው አገር ውስጥ አለ ወይስ ይታዘዛል? ኦፕሬተሮቹን ደግሞ እዚሁ ፓኑ አጠገብ፣ የአገዳ ወፍጮው እየሠራ፣ በሌሊት ሽፍትም ጭምር ታሠለጥናላችሁ? ለሦስተኛው ጥያቄ በውሉ ላይ የሚጻፍ መልስ ከሌለው ሌላ ሻጭ ፈልጉ።